የሩዝ አመድና የንጥረ ነገሮች ገበታ

ጥር ላይ የወረታ ወፍጮ ቤቶች ፋታ የላቸውም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር በሚገነጠልበት በዚህ ከተማ፣ ከኅዳር ጀምሮ የታጨደው የፎገራ ሩዝ በአህያ፣ በጋሪና በባጃጅ እየተጫነ ይመጣል። ተፈልፍሎ ነጩ ወደ ከረጢት፣ ቅርፊቱ ወደ ደጅ ይሄዳል። እኔ በዚሁ አካባቢ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አጎቴን አጅቤ ሄጄ፣ ወረፋችን ሊደርስ ሲል መብራት ጠፋ። ከቅርፊቱ ክምር አጠገብ ኩንታላችን ላይ ተቀመጥን። አጎቴ ዕድሜ ልካቸውን ገበሬ ናቸው። በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ዳዊት ደግመዋል፤ ከዚያ ወዲያ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጡም። ቀጥሎ ያለው መብራቱ እስኪመጣ የተነጋገርነው ነው።

ጋሼ፦ ታናሹ ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነበንብ አደረ። «ሃይድሮጂን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየም፣ ቤሪሊየም» ይላል። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው «ፈተና አለብኝ፤ ሃያውን በቃሌ መያዝ አለብኝ» አለኝ። ሃያው ምን ያደርጉልሃል ብለው ዝም አለ። የምታስተምሪው አንቺ ነሽ አሉ።

እኔ፦ እኔ ነኝ ጋሼ። በቃላችሁ ያዙ ያልኩትም እኔ ነኝ።

ጋሼ፦ በቃል መያዝ ነውር የለውም። እኛም ሀሁን የያዝነው በቃል ነው። ግን ሀሁን የያዘ ልጅ አቡጊዳ ይገባል፤ ከአቡጊዳ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት። የናንተ ሃያ ወዴት ነው የሚያደርሰው?

እኔ፦ ከፊደሉ እንነሣ እንግዲያው። «ጰ»ን ብቻ አይተው «ጱ»ን አይተው ባያውቁ፣ ጻፉ ቢባሉ ይጽፉታል?

ጋሼ፦ ለምን አልጽፈው? ካዕብ ነው። ከወገቡ በቀኝ በኩል ጭረት እቀጥልለታለሁ። ሁለት ሦስቱ አመለኛ ናቸው፤ «ሩ»ና «ፉ» ጭረታቸው ከእግራቸው ሥር ነው። የቀረው ግን ይታዘዛል።

እኔ፦ ስለዚህ ገበታው ላይ ያለው ዓምድ፣ ያላዩትን ፊደል መልክና ድምፅ ነገረዎት ማለት ነው። ልጆቹ በቃላቸው የሚያነበንቡትም ልክ እንዲህ ያለ ገበታ ነው። ሜንዴሌዬቭ የሚባል ሩሲያዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1869 ነው ያሰናዳው። ያን ጊዜ የታወቁት ንጥረ ነገሮች 63 ነበሩ። በክብደታቸው ቅደም ተከተል ሲደረድራቸው ጠባያቸው እየዞረ እንደሚመለስ አየ፤ እንደ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ። አንዳንድ ቦታ ሲደርስ ግን የሚቀጥለው ንጥረ ነገር ከዓምዱ ጋር አልዛመድ አለው። ምን አደረገ መሰለዎት?

ጋሼ፦ ቦታውን ክፍት ተወዋ። ፊደሉ ገና አልተጻፈም ማለት ነው።

እኔ፦ እንዲያ ነው! ከሲሊኮን ሥር ያለውን ቦታ ክፍት ትቶ፣ የሚገኘው ንጥረ ነገር ክብደቱ 72 ያህል ይሆናል፣ ከኦክሲጂን ጋር የሚዋሃደው እንዲህ ነው ብሎ አስቀድሞ ጻፈ። በ17 ዓመቱ፣ በ1886፣ አንድ ጀርመናዊ ከማዕድን ውስጥ አወጣው። ጀርመኒየም ተባለ፤ ክብደቱም 72.6 ሆኖ ተገኘ።

ጋሼ፦ 1869 ያልሽው በእኛ ስንት ይሆናል?

እኔ፦ 1861። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካረፉ ዓመት አልሞላም ነበር።

ጋሼ፦ እንዲያ ነው? እነሱ ክፍት ቦታ ሲቆጥሩ እኛ ጋፋት ላይ መድፍ አቅልጠን መቅደላ አድርሰን መመለሳችን ነበር። ጋፋት እኮ እዚሁ ነው፤ በዚህ መንገድ ደብረ ታቦር ወጥተሽ።

እኔ፦ ጋፋትን ያነሡት ጥሩ ነው። ነሐስ ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር አይደለም፤ መዳብና ቆርቆሮ አብረው ሲቀልጡ ነው የሚገኘው። መዳብ ቁጥሩ 29 ነው፤ ቆርቆሮ 50።

ጋሼ፦ ይሄ የወፍጮ ቤቱ ጣራ?

እኔ፦ ስሙን ወረሰ እንጂ ይሄ ቆርቆሮ አይደለም፤ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። ብረት 26፣ ዚንክ 30። ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የእኛ ቋንቋ ለሁለቱ አንድ ስም ስለሰጠ አልፈርድባቸውም፤ ግን መምህር ሊነግራቸው ይገባል።

ጋሼ፦ 26፣ 29፣ 30 ትያለሽ። ቁጥሩን የሰጣቸው ማነው? ፊደልን እኮ «ሀለሐመ» ብሎ የሚቆጥር አለ፣ «አበገደ» ብሎ የሚቆጥርም አለ። ሰው እንደ ወደደ ነው የደረደረው።

እኔ፦ ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የዚህ ገበታ ቅደም ተከተል አንድ ብቻ ነው፤ ማንም አይለውጠውም። ከዚህ ክምር አንድ ቅርፊት አንሥተው ለሁለት ይክፈሉት፤ ግማሹን እንደገና ለሁለት። እንዲህ እያሉ ቢወርዱ ከማይከፋፈልበት ደረጃ ይደርሳሉ። ቢከፈል እንኳ ያ ነገር መሆኑ ይቀራል። እሱን አቶም እንለዋለን። አቶሙ መሐል ላይ አስኳል አለው፤ እንደ እንቁላል አስኳል። አስኳሉ ውስጥ ፕሮቶንና ኒውትሮን የሚባሉ ቅንጣቶች አሉ። ፕሮቶኖቹን መቁጠር ነው። 26 ከሆኑ ብረት ነው፤ ወረታ ላይም ቢሆን ጨረቃ ላይም ቢሆን ብረት ነው። አንድ ቢጨመር ብረትነቱ ቀርቶ ኮባልት ይሆናል። ይህን በራጅ ጨረር ለክቶ ያረጋገጠው ሞዝሊ የሚባል እንግሊዛዊ ወጣት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1913። ከሁለት ዓመት በኋላ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጋሊፖሊ ላይ ተገደለ። ዕድሜው 27 ነበር።

ጋሼ፦ ነፍስ ይማር። በ27 ዓመት ይህን ሠርቶ!

እኔ፦ ስለ እሱ ባስተማርኩ ቁጥር ያሳዝነኛል። መጽሐፋችን ግን በግማሽ መስመር ነው የሚያልፈው።

ጋሼ፦ እሺ፤ አስኳሉን ያየው ማነው? እንደ እኔ ያለ ሰው ዓይቶ ካልሆነ አያምንም።

እኔ፦ በዓይኑ ያየው የለም፤ ሲመታ ነው የታወቀው። ከሞዝሊ ልኬት ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1911፣ የሞዝሊ መምህር ራዘርፎርድ ውጤቱን አሳተመ። ደቀ መዛሙርቱ እጅግ ስስ በሆነ የወርቅ ቅጠል ላይ ጥቃቅን ቅንጣቶች ሲተኩሱ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል እንደ ባዶ ቦታ አልፈው ሄዱ። ከብዙ ሺህ አንዱ ያህል ግን ተመልሶ መጣ። ስለዚህ አቶሙ አብዛኛው ባዶ ነው፤ መሐሉ ላይ ግን እጅግ ትንሽና ጠጣር ነገር አለ ማለት ነው።

ጋሼ፦ ምን ያህል ትንሽ?

እኔ፦ አስኳሉን አንዲት የሩዝ ፍሬ እናድርጋት፤ እዚህ እግርዎ ሥር ትቀመጥ። የአቶሙ ዳርቻ ያን ጊዜ በዚህ በኩል 150 ሜትር፣ በዚያ በኩል 150 ሜትር ይርቃል። በመሐል ሌላ ምንም የለም፤ ኤሌክትሮኖች ብቻ ናቸው። ኤሌክትሮን ከፕሮቶን 1836 ጊዜ ያህል ይቀላል። የታወቀው በ1897 ነው፤ አድዋ ላይ ድል በተደረገ በዓመቱ።

ጋሼ፦ ታዲያ ክብደቱ ያለው አስኳሉ ላይ ከሆነ፣ እነዚያ ቀላሎቹ ምን ይሠራሉ?

እኔ፦ ሥራውን ሁሉ የሚሠሩት እነሱ ናቸው ጋሼ! አስኳሉ ስሙን ይሰጣል፤ ጠባዩን የሚሰጡት ኤሌክትሮኖቹ ናቸው። ኤሌክትሮኖች በደርብ በደርብ ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ደርብ ሁለት ይይዛል፤ ቀጣዩ ስምንት። ከሌላው ጋር የሚገበያየው የላይኛው ደርብ ነው። ገበታው ላይ በአንድ ዓምድ የተሰለፉት፣ የላይኛው ደርባቸው ላይ እኩል ቁጥር ያላቸው ናቸው። ሶዲየም አንድ ትርፍ አለው፤ ክሎሪን አንድ ይጎድለዋል። ሶዲየም ሰጠ፣ ክሎሪን ተቀበለ፤ ጨው ሆኑ። ከክሎሪን ዓምድ ወደ ታች ቢወርዱ አዮዲን አለ፤ ለእንቅርት ብለው ጨው ላይ የሚጨምሩት።

ጋሼ፦ ወደ ቅርፊቴ መልሺኝ። ይሄ ክምር የማን ዘር ነው?

እኔ፦ አሁን ዋናውን ጠየቁኝ። ይህን ቅርፊት ሲያቃጥሉት ምን ይሆናል?

ጋሼ፦ ቶሎ አይነድም። ሲጨስ ይውላል። መጀመሪያ ጥቁር ይሆናል፤ ትተሽው ካደርሽ ነጭ አመድ ሆኖ ታገኚዋለሽ። አመዱም ብዙ ነው። የማሽላ አገዳ እንዲህ ያለ አመድ የለውም።

እኔ፦ ከአንድ ኩንታል ቅርፊት 20 ኪሎ ያህል አመድ ይተርፋል። ከአመዱ ከ10 እጅ 9 እጁ ያህል ሲሊካ ነው፤ ሲሊኮንና ኦክሲጂን የተዋሃዱበት፣ መስታወት የሚሠራበት ነገር። ጥቁሩ ደግሞ ካርቦን ነው። አሁን ገበታውን ያስቡት። ካርቦን ቁጥሩ 6 ነው፤ በቀጥታ ከሥሩ ያለው ሲሊኮን ነው፣ ቁጥሩ 14። ከሲሊኮን ሥር ሜንዴሌዬቭ ክፍት የተወው ጀርመኒየም፤ ከእሱ ሥር ቅድም ያነሣነው ቆርቆሮ፤ ከቆርቆሮ ሥር እርሳስ። አንድ ዓምድ ናቸው፤ ሁሉም ላይኛው ደርብ ላይ አራት ኤሌክትሮን አላቸው። እርስዎ ጥቁሩ ወደ ነጭ ሲለወጥ ያዩት፣ ታላቅ ወንድም ሄዶ ታናሹ ሲቀር ነው።

ጋሼ፦ ቆይ፣ ቆይ። ወንድማማቾች ከሆኑ፣ በአንድ እሳት ገብተው አንዱ ጢስ ሆኖ ሲሄድ አንዱ እንዴት ድንጋይ ሆኖ ይቀራል?

(አሥር ዓመት ሳስተምር ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ የለም። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም፤ ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን በቅርፊት ላይ አሳይቻቸው ስለማላውቅ ነው።)

እኔ፦ ሁለቱም ከኦክሲጂን ጋር ነው የተዋሃዱት፤ ሁለቱም ለአንድ ራሳቸው ሁለት ኦክሲጂን ነው የደረሳቸው። ልዩነቱ ቁመናቸው ነው። ካርቦን ሁለት ደርብ ብቻ ስላለው ትንሽ ነው፤ ኦክሲጂኖቹን ቀርቦ ያቅፋል። አራት እጅ አለው እንበል፤ አንዱን ኦክሲጂን በሁለት እጁ፣ ሌላውን በሁለት እጁ ጭብጥ አድርጎ ይይዛል። ሦስት ሆኑ፤ ተዘጉ፤ ከሌላ ጋር ጉዳይ የላቸውም። ስለዚህ ለየብቻቸው ይበራሉ፤ አየር ናቸው። ሲሊኮን ግን ሦስት ደርብ አለው፤ ሰፋ ያለ ስለሆነ በሁለት እጅ ማቀፉ አይሆንለትም። አራቱን እጆቹን ዘርግቶ አራት ኦክሲጂን በአንድ በአንድ እጅ ይይዛል። እያንዳንዱ ኦክሲጂን ደግሞ ሁለት እጅ ስላለው በሌላው እጁ ሌላ ሲሊኮን ይይዛል። እንዲህ እየተያያዙ መጨረሻ የለውም። የአመዷ ቅንጣት ሙሉዋ እንደ ደቦ እጅ ለእጅ የተያያዘች ናት፤ ማን ለብቻው ሊበር ይችላል?

ጋሼ፦ ገባኝ። የሩዙ ቅጠል እጅ የሚቆርጠውም ለዚሁ ነዋ!

እኔ፦ ለዚሁ ነው። ሩዝ ካርቦኑን በቅጠሉ ከአየር ይወስዳል፤ ሲሊኮኑን በሥሩ ከውኃ ይጠጣል፤ ከዚያ ቅጠሉ ጫፍና ቅርፊቱ ላይ ያደርቀዋል። ፍሬውን ከተባይ፣ አገዳውን ከመውደቅ የሚጠብቅ ጋሻው ነው። ከብቶቹ የሩዝ ገለባ የሚከብዳቸውም በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው።

ጋሼ፦ የፎገራን ላም ሩዝ ጎዳት እላለሁ እኔ። ድሮ ሜዳው የእሷ ነበር። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ፣ ውኃው ሲሸሽ ያን ሣር ነበር የምትግጠው። በደርግ ጊዜ የሰሜን ኮሪያ ሰዎች መጥተው ሩዝ አሳዩን። ውኃ የሚተኛበትን መሬት ለእህል አይሆንም ብለን ትተነው ነበር፤ እነሱ ለዚሁ ነው የሚሆነው አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ጠገብንበት። ሣሩ ግን ሄደ።

እኔ፦ ያ የተኛው ውኃ ሥር ያለውን ጭቃ ያውቁታል። ነሐሴ ላይ ሲያርሙ ሥሩን ነቅለው አይተዋል?

ጋሼ፦ ስንት ጊዜ! ጭቃው ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ሥሩ ግን ዝገት የተቀባ ይመስላል። ሲረግጡት አረፋ ያወጣል፤ አንዳንዴ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል።

እኔ፦ አራት ነገር ጠቀሱልኝ፤ ሁሉም የኤሌክትሮን ገበያ ነው። አፈር ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ምግባቸውን ሲበሉ ኤሌክትሮን ይተርፋቸዋል፤ የሚቀበላቸው ይፈልጋሉ። ኦክሲጂን ካለ እሱ ይቀበላል። ውኃ ሲተኛበት ግን አየር አይገባም፤ ኦክሲጂኑ ያልቃል። ከዚያ ተራው ከሌሎች ጋር ወደ ብረት ይደርሳል። ዝገት ውስጥ ያለው ብረት ሦስት ኤሌክትሮን የሰጠ ብረት ነው፤ ቀይ ነው፤ ውኃ አያሟሟውም። አንድ ኤሌክትሮን ሲመለስለት ሁለት ብቻ የሰጠ ይሆናል፤ ቀይነቱ ይጠፋል፤ በውኃ ይሟሟል። የጭቃው መልክ የተለወጠው በአንድ ኤሌክትሮን ነው ጋሼ።

ጋሼ፦ ሥሩስ ለምን ቀላ?

እኔ፦ ሩዝ አገዳው ውስጥ የአየር ቦይ አለው፤ ከላይ አየር ስቦ ወደ ሥሩ ያወርዳል። ስንዴ በዚያ ውኃ ሲታፈን እሱ የሚተርፈው ለዚህ ነው። በሥሩ ዙሪያ ኦክሲጂን ሲያገኝ ብረቱ ያችን ኤሌክትሮን እንደገና ይሰጣል፤ ዝገት ሆኖ ሥሩ ላይ ይለጠፋል። ጣራችን ላይ የሚሆነውም ያው ነው፤ ዚንኩ እስኪያልቅ ድረስ ግን ስለ ብረቱ ኤሌክትሮን የሚሰጠው ዚንክ ነው።

ጋሼ፦ እንቁላሉ?

እኔ፦ ብረቱ ሲያልቅ ተራው የድኝ ነው። ገበታው ላይ ኦክሲጂን 8 ቁጥር ነው፤ በቀጥታ ከሥሩ ያለው ድኝ ነው፤ 16። አንድ ዓምድ ናቸው። ኦክሲጂን ሁለት ሃይድሮጂን ሲይዝ ውኃ ነው። ድኝ በዚያው ልክ ሁለት ሃይድሮጂን ሲይዝ ያ ሽታ ነው። ወንድሙ ባለበት ቦታ ገብቶ ተቀመጠ። መጨረሻ ላይ ካርቦን ራሱ ይቀበላል፤ ሚቴን ይሆናል። አረፋው እሱ ነው፤ ክብሪት ቢያገኝ ይነዳል።

ጋሼ፦ አንድ ልጠይቅሽ፤ ይሄ ለኪሴም የሚበጅ ነገር ነው። አንድ ዓመት ዝናቡ ተቋረጠ፤ ውኃው ሸሸ፤ መሬቱ ተሰነጠቀ፤ ከዚያ ደግሞ መጣ። ዩሪያዬን በጊዜው ጥዬ ነበር፤ ሩዙ ግን ቢጫ ሆነ። ማዳበሪያው ተበላሽቷል ብዬ ሸንጎ ልሄድ ነበር።

እኔ፦ ማዳበሪያው ላይሆን ይችላል። 50 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጂን አለ። ጭቃ ውስጥ ገብቶ መጀመሪያ አሞኒየም ይሆናል። አሞኒየም ኤሌክትሮን የጎደለው ነው፤ የእኛ ዋልካ አፈር ደግሞ ኤሌክትሮን የተረፈው ነው።

ጋሼ፦ ዋልካው በምን ተረፈው?

እኔ፦ በቁጥር! ሸክላው የሲሊኮን፣ የአሉሚኒየምና የኦክሲጂን ገጽ ነው፤ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተደራርቦ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ። አንዳንድ ቦታ 13 ቁጥሩ አሉሚኒየም በ14 ቁጥሩ በሲሊኮን ወንበር ይቀመጣል፤ አንዳንድ ቦታ 12 ቁጥሩ ማግኒዚየም በ13 ቁጥሩ ወንበር። በተቀመጠ ቁጥር አንድ ፕሮቶን ይጎድላል፤ ኤሌክትሮኑ ያለ አቻ ይቀራል። ስለዚህ ገጹ የጎደለባቸውን ይስባል፤ አሞኒየሙን፣ ፖታሲየሙን ለጥፎ ያቆያል። መሬቱ ደርቆ አየር ሲገባበት ግን አሞኒየሙ ናይትሬት ይሆናል። ናይትሬት ኤሌክትሮን የተረፈው ነው፤ ዋልካው አይዘውም። ውኃው ሲመለስ፣ ተሕዋስያኑ የናይትሬቱን ኦክሲጂን ገፈው ናይትሮጂኑን ወደ አየር ለቀቁት። የገዙት ተመልሶ ወደ መጣበት ሄደ፤ አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጂን ነው።

ጋሼ፦ ስለዚህ ውኃው እንዳይሸሽ ድንበሩን መጠገን፣ ዩሪያውንም ባንዴ ሳይሆን ከፋፍሎ መጣል ነው።

እኔ፦ ባለሙያዎቹም የሚመክሩት ይህንኑ ነው።

ጋሼ፦ አየሽ፤ ይህን ለልጁ ብትነግሪው ሃያውን ሌሊት ባላነበነበ።

መብራቱ መጣ። በመዳቡ ሽቦ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች መናጥ ጀመሩ፤ ሞተሩ ጮኸ፤ አጎቴም ኩንታላቸውን ተሸክመው ገቡ። እኔ ከክምሩ አንድ ፌስታል ቅርፊት ሞልቼ ወደ ቤት ወሰድኩ። እሑድ ማታ ግማሹን እስኪጠቁር፣ ግማሹን እስኪነጣ አቃጠልኩት። ሰኞ ጠዋት ሁለቱን በሁለት ሳህን ይዤ ክፍል ገባሁ፤ ገበታውን ሰቅዬ አንዱን 6 ቁጥር ሥር፣ ሌላውን 14 ቁጥር ሥር አስቀመጥኩ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠች ልጅ «ለምን አንደኛው አልሄደም?» አለችኝ።

በወረታ፣ በሐሙሲት፣ በአዲስ ዘመን ኬሚስትሪ የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ የላቦራቶሪ ዕቃ እስኪመጣ አትጠብቁ። ቅርፊቱ በየወፍጮ ቤቱ ደጅ ተከምሯል። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈትም ማሳው ገና ውኃ እንደ ያዘ ነው፤ አንድ ሩዝ ከነሥሩና ከነጭቃው ነቅላችሁ ይዛችሁ ግቡ።